የዘገየ መርዶ

መጋቢት 4 ቀን 1977 ዓ.ም.
ሱዳን፣ ከባሱንዳ ወዲህ፣ ከስደተኞች ሰፈር

ለነርስ በላይነሽ
ገዳሪፍ

ሰላምታ የሚላከው ተሰናብቶ ለሄደ ሰው ነው። አንቺ ሳትሰናበቺ ስለሄድሽ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ጀማሉ ገና ሎሪውን ሳያቆም፣ "ሲስተር፣ በላይነሽ የነርስነት ወረቀቴን ላኩልኝ ብላለች!" ብሎ በበሽተኞች ፊት ጮኸብኝ። መልሱ አይሆንም ነው። የሁላችሁም ወረቀት ሳጥኔ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጠው እንዳይጠፋባችሁ ነው። አሁን ወረቀቱ አለ፣ የጠፋው ባለቤቱ ነው። መጥተሽ ፊቴ ቆመሽ "ለቅቄአለሁ" ስትዪ ትወስጂዋለሽ።

ገዳሪፍ የላክሁሽ መድኃኒት አስጭነሽ እንድትመለሺ ነበር። መድኃኒቱ መጣ፣ አንቺ ቀረሽ። ካርቶኖቹን ያራገፍኩት እኔና ላቀው ነን። ለኩፍኝ ድንኳኑ ተረኛ ስለጠፋ እናኑ የራሷን ተራ ጨርሳ ያንቺን ደረበች፤ በማግስቱ እሷም በትኩሳት ወደቀች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳስተምርሽ በሽተኛ ጥሎ መሄድን ያስተማርኩሽ አይመስለኝም።

ስለ እናትሽ መርዶ በሰው አፍ ለላክሽብኝ ስድብም መልስ አለኝ። አዎ፣ ኅዳር ላይ ያገርሽ ልጅ አንዳርጌ ለሰሊጥ አጨዳ ሲሻገር መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነው። ደንቡም ይኸው ነው። መርዶ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም፤ ለታላቅ ይነገራል፣ ታላቅ ደግሞ ሽማግሌና ወዳጅ ሰብስቦ በማለዳ ያረዳል። እዚህ ከእኔ ሌላ ታላቅ የለሽም። እኔም ቀን እየፈለግሁ ነበር። ኅዳር ላይ ኩፍኙ ገባ፣ ታኅሣሥ ባሰበት፣ ጥር ጋብ ሲል የድሬሰራችን የላቀው ሠርግ መጣ። ቀኑ አልገኝ አለ። የእኔን እናት ሞት የሰማሁት ተረኛ ሆኜ ነው፤ ያለቀስኩት ተራዬን ጨርሼ ነው። በእኔ ልቅሶ ምክንያት የሞተ በሽተኛ የለም።

ሰኞ ጀማሉ ከገዳሪፍ ይመለሳል። ከጎኑ ተቀምጠሽ ነይ።

አለቃሽ
ሲስተር ሣህሊቱ


መጋቢት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.
ገዳሪፍ

ለሲስተር ሣህሊቱ

እግዚአብሔር ጤና ይስጥዎ። ይህን የምለው ለበሽተኞቹ ብዬ ነው።

ማን እንደነገረኝ ለማወቅ ሰፈሩን ሁሉ ሲመረምሩ መሰንበትዎን ሰማሁ። ጀማሉ አይደለም፣ ይተዉት። ላቀውም አይደለም። ለማወቅ ከፈለጉ እኔው ልንገርዎ።

መድኃኒቱን አስጭኜ ስጨርስ ለሥራ ጓደኞቼ ለእናኑና ለዙህራ የፀጉር ቅባት ልገዛ ወደ ገበያ ወጣሁ። ሹሩባ ተሠርቼ ነበር። አንዲት ያገሬ ሴት ከሰሊጥ ጆንያዎቹ መካከል ብድግ ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና "እግዜር ያጥናሽ በላይዬ፣ እንዴት ቻልሽው!" አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። ከሌላ ሰው ጋር ያምታታችኝ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ ሹሩባዬን አየች፤ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ በኋላ የሆነውን የገዳሪፍ ሰው ይንገርዎ፣ ሸቀጡን ጥሎ ያልመጣ አልነበረም። እናቴ በኅዳር መቀበሯን በየካቲት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በማላውቃቸው ነጋዴዎች መካከል መሬት ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ፊቴን ያጠበችኝ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሱዳናዊት ናት።

"ደንቡ ነው" ብለው ጽፈዋል። ደንቡን እኛም እናውቀዋለን። ሰው በድንጋጤ እንዳይጎዳ ለጥቂት ቀን ነው፤ ተራ እንዳይጓደል ሦስት ወር ይቆለፍበት የሚል ደንብ የት አገር አለ? እርስዎ የነርስ ወረቀት ሲቆልፉ መርዶም አብረው ቆለፉ።

ላቀውን በበሽተኛ ፊት "ከብት" ሲሉት ዝም አልኩ። እናኑ ጨው የበዛበት ውሃ በጠበጠች ብለው ፀሐይ ላይ ሲያቆሟት ዝም አልኩ። ወባ ጥሎኝ ኢጃዛ ስጠይቅ "ፈቃድ በመንግሥተ ሰማያት ነው" ሲሉኝ ስቄ ወደ ተራዬ ተመለስኩ። ሥራውን ስለምወደው ነው፤ ደግሞም ከሁላችንም ይልቅ የሚደክሙት እርስዎ እንደሆኑ ስለማይ ነው። ይህን አልክድም።

አሁን የዶክተር አብዱልናስር ክሊኒክ ገብቻለሁ። ወረቀቴን ጠይቆኛል፣ ይመጣል ብዬዋለሁ። እሱም ቁጡ ነው፤ መርፌ ከእጄ ሲወድቅ የሚጮኸው ጩኸት ከእርስዎ አያንስም። ግን ከል ለብሼ ሲያየኝ "ማን ነው?" አለኝ። "እናቴ" ስለው ወንበር ሰጠኝና በሩን ዘግቶልኝ ወጣ። ቢያንስ ጠየቀ።

ሰኞ አልመጣሁም፣ የሚመጣውም ሰኞ አልመጣም። ወረቀቴን ይላኩልኝ።

በላይነሽ


መጋቢት 30 ቀን 1977 ዓ.ም.
ከሰፈሩ

ለበላይነሽ

ደብዳቤሽ በካርቱሙ መፈንቅለ መንግሥት የተነሣ መንገድ ላይ ሰንብቶ ትናንት ደረሰኝ። ባይደርሰኝም ባልከፋኝ።

የዶክተርሽን ደግነት አነበብኩ። ወንበር ሰጥቶ በር መዝጋት ምን ያቅታል? በሩ ሥር የሚጠብቁት ስንት ናቸው? እኔ በር የለኝም። ያለኝ ድንኳን ነው፣ ያውም ከጎንደርም ከትግራይም በእግሩ የመጣ ሁሉ የሚወድቅበት። እኔ ወንበር ሰጥቼ ባስቀምጥሽ ሕፃናቱን ማን ያጠጣቸው ነበር? በታኅሣሥ ያን ድንኳን ቀጥ አድርገሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ። ያንቺ እጅ ባይኖር ግማሾቹ ባልተረፉ። ይህን ፊት ለፊት ነግሬሽ አላውቅም፤ አሁንም የምጽፈው ተናድጄ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ባረዳሽ ኖሮ የእናቴን ተዝካር ላውጣ ብለሽ ድንበር ትሻገሪ ነበር። ከመተማ ማዶ ደርግ ከስደት የተመለሰውን ሰው ምን እንደሚያደርገው ታውቂያለሽ። እልክሽንም አውቀዋለሁ። ሬሳሽን ማን ያመጣልኝ ነበር? እንዳላጣሽ ብዬ ነው ቃሉን አፌ ውስጥ ያቆየሁት። "ለክሊኒኩ ብላ ነው" ብትዪም እሺ። ለእኔ ሁለቱ አንድ ናቸው።

እናኑም ሄደች። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ ቀዳጇ አንቺ ነሽ። አሁን የቀረነው ዙህራ፣ ላቀውና እኔ ነን። ዙህራም ቢሆን በዓይኔ ባየኋት ቁጥር ትሸሸኛለች። ትናንት ከዳቦዬ ቆርሼ ብሰጣት መርዝ እንዳለበት ሁሉ አገላብጣ አየችውና አስቀመጠችው። ምን ብለሽ ነው የጻፍሽላት?

ሲስተር ሣህሊቱ


ሚያዝያ 9 ቀን 1977 ዓ.ም.
ገዳሪፍ

ለሲስተር ሣህሊቱ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ሳልጽፍ የቆየሁት በጾም ክፉ ቃል እንዳይወጣኝ ብዬ ነው። አሁን ተፈትቷል።

ለዙህራ አንድ ቃል አልጻፍኩም። እናኑ ግን እዚህ ናት፣ ከእኔ ጋር ነው የምታድረው። ለምን እንደወጣች ጠየቅኋት። እንዲህ አለችኝ፦ "ሲስተር ብትሰድበኝ ምን ገዶኝ፣ ለምጄዋለሁ። በቀደም ለት ግን መጥታ 'እናኑዬ፣ ደክሞሻል መሰል፣ ዛሬ ዕረፊ' አትለኝ መሰለሽ! መርዶ ደብቃብኝ ነው አልኩ። አባቴ ነው? ወንድሜ ነው? ስል ዋልኩ። እሷ ደግ በሆነች ቁጥር እኔ ዘመዶቼን እየቀበርኩ እንዴት ልኑር?" የዙህራም ዳቦ ነገሩ ይኸው ነው። በቁጣዎ ማንም ጥሎዎት አልሄደም። አሁን ሰው የሚሸሸው ደግነትዎን ነው።

ጀማሉ "ሲስተር ማሌሽ ብላሻለች" አለኝ። ማሌሽ የሚሉት የዐረብ ይቅርታ በገበያ እግር ለረገጠ ሰው ነው። ለዚህ አይሆንም፤ መልሼዋለሁ።

ስለ ላቀው ሠርግ እስከ ዛሬ አላነሣሁም። ከበሮው ሲመታ ደክሞኝ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር። "በላይነሽ፣ ተነሺ እንጂ! ያን ትከሻ አሳዪን!" ብለው እጄን ስበው ያስነሡኝ እርስዎ ነዎት። ተነሣሁ። አገሬን እያሰብኩ፣ እናቴ ብታየኝ ምን ትል ይሆን እያልኩ እስክስታ ወረድኩ። እልል ተባለልኝ። ዳር የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ አይቻለሁ፤ የሙሽራዋ ደስታ ያስለቀሳቸው መሰለኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ እናቷ የሞተችባትን ሴት ስትጨፍር ቆሞ አየ፣ እርስዎም አጨበጨቡ። ማታ ማታ ትከሻዬን ስነካው ያ ቀን ይመጣብኛል፣ እጠላዋለሁ፣ እርስዎንም እጠላዎታለሁ። ለዚህ ንስሐ የሚገባው ማነው?

ይቅርታ የሚሉ ከሆነ በዚያ ቀን ባዩኝ ሰዎች ፊት፣ በላቀውና በዙህራ ፊት ይበሉ። ከዚያ በኋላ መምጣቴን አስብበት ይሆናል።

በላይነሽ


ግንቦት 2 ቀን 1977 ዓ.ም.
ከሰፈሩ

ለበላይነሽ

በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቂ ብለሽኛል። አልጠይቅም። አለቃ አንድ ቀን በሠራተኛው ፊት ከተንበረከከ በማግስቱ "ቴርሞሜትሩን አምጡ" ቢል የሚሰማው የለም። እኔ እንዲህ ተምሬአለሁ፣ እንዲህም እሞታለሁ።

ለምን እጅሽን ስቤ እንዳስነሣሁሽ ግን ልንገርሽ። ሴቶቹ አፍጥጠው ያዩሽ ነበር። ትንሽ ብትቆዪ አንዷ ሳትችል ቀርታ ትጮህ ነበር፤ ሠርጉ ለቅሶ ይሆን ነበር፣ አንቺም በላቀው ሙሽራ ፊት ትወድቂ ነበር። ዓይናቸውን እንዳታዪ ነው ያስነሣሁሽ። ያጨበጨብኩትም ሴቶቹ ማልቀሳቸውን ትተው አብረውኝ እንዲያጨበጭቡ ነው። ካላመንሽ ተዪው።

ለመጻፍ የተነሣሁት ለዚህ አልነበረም። ተቅማጥ ገብቷል። ስሙን አትጥሩ ተብለናል፤ አንቺ ግን ሳልጽፍልሽ ታውቂዋለሽ፣ የሩዝ ውሃ መስሎ ነው የሚወርዳቸው። ጧት በእግሩ የመጣው ለማታ አይደርስም። ያለኝ ጨውና ስኳር፣ ጥቂት ግሉኮስ፣ አንዲት ነርስና አንድ ድሬሰር ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ይህ ጥቁር አፈር ሎሪ አያሳልፍም። የሚመጣ ሰው ካለ ከዚያ በፊት ነው።

ዶክተርሽ ሌላ ነርስ ያገኛል። እኔ አላገኝም። እስከ ሰኔ መግቢያ ካልመጣሽ ከሠራተኞቼ መካከል እንዳልነበርሽ እቆጥርሻለሁ። ማስፈራራት ነው ብትዪም በዚሁ ያዥው።

ሣህሊቱ


ግንቦት 23 ቀን 1977 ዓ.ም.
ከሰፈሩ

ለበላይነሽ

መልስ አልላክሽም። አልጠበቅኩም ብል ውሸት ነው፤ የጀማሉ ሎሪ በመጣ ቁጥር እጄን ሳልታጠብ ነው የምወጣው።

የዙህራን ነገር እዚያው ገዳሪፍ ሆነሽ ሳትሰሚ አትቀሪም። ከእኔ የሆነውን ደግሞ ከእኔ ስሚ።

ማክሰኞ ጀማሉ ወደ ጓሮ ወሰደኝና የዙህራ ወንድም መሞቱን ነገረኝ። ማሽላ የጫነ ሎሪ ተገልብጦበት ነው። ዙህራ ድንኳን ውስጥ ነበረች። ረመዳን ይዛለች፤ ራሷ ጠብታ ሳትቀምስ የጨውና የስኳሩን ውሃ ለልጆቹ በማንኪያ ታጠጣለች። አልዋሽሽም፣ በላይነሽ፤ መጀመሪያ ያሰብኩት "ተቅማጡ ጋብ እስኪል" የሚለውን ነው። ለጀማሉም "ትንፍሽ እንዳትል" አልኩት። ጀማሉ መሬት መሬቱን አየና "እንደ በላይነሽ?" አለኝ። እኔን ቀና ብሎ የማያናግረኝ ሾፌር ነው።

ያኔ ዙህራ ከድንኳኑ ብቅ ብላ ሳቀችልኝ። ስትሸሸኝ ከርማ ያን ቀን ሳቀችልኝ። ተስፋ የቆረጥንባት አንዲት ሕፃን ቁጭ ብላላት ነው፤ "ሲስተር፣ ነይ እይልኝ!" እያለች ነው የምትስቀው። እኔ ወንድሟ እንደሞተ እያወቅኩ ገብቼ ሕፃኗን አየሁላት፣ "ጎበዝ" አልኳት። ሠርጉ ላይ ሴቶቹ ያዩት ምን እንደነበር ያኔ አየሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የሰፈሩን ሼህና ሁለት አሮጊቶች ይዤ ጎጆዋ ሄድኩ። አረዳናት። ስትወድቅ የያዝኳት እኔ ነኝ። "ተራሽስ?" አላልኳትም፣ "መቼ ትመለሻለሽ?" አላልኳትም። ሳጥኔን ከፍቼ ወረቀቷን ሰጠኋትና "ብትቀሪም የሚከለክልሽ የለም" አልኳት። ጀማሉ ወደ ገዳሪፍ ይዟት ሄደ። ያንቺንና የእናኑንም ወረቀት በእጇ ልኬአለሁ።

አሁን ላቀውና እኔ ነን። ከብት እንዳልሆነ ነግሬዋለሁ፤ ደንግጦ ባልዲውን ጣለው። ከማክሰኞ ወዲህ የሞቱብንን ልጽፍልሽ ጀምሬ ነበር፣ ሰረዝኩት። በሬሳ አልለምንሽም።

ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። ስሞክር ሌላ ነገር እናገራለሁ። ነይ የሚለው ግን ይወጣል። ነይ።

ሣህሊቱ


ግንቦት 27 ቀን 1977 ዓ.ም.
ገዳሪፍ

ለሲስተር ሣህሊቱ

ወረቀቱ ደርሶኛል። ስለ እሱ አመሰግናለሁ።

የዙህራን ለቅሶ ደርሻለሁ። በወንድሟ ግቢ ሦስቱንም ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ዋልኩ። በጊዜው የተረዳ ሰው ልቅሶ ሌላ ነው፣ ይወጣለታል፤ የእኔ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ቀናሁባት። ወንድሟ በሞተባት ሴት ቀናሁ፣ እዚህ ድረስ አደረሱኝ።

ትናንት ጧት የሥራ ልብሷን አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣ አገኘኋት።

"ወዴት ነሽ?" አልኳት።

"ወደ ሰፈር ነዋ።"

"ወረቀትሽ በእጅሽ ነው። እዚሁ ቅሪ፣ ዶክተሩ ይቀጥርሻል። ማን አስገደደሽ?"

"ማንም። ሲስተር ተመለሺ አላለችኝም" አለች። "አብራኝ አለቀሰች፣ በላይነሽ። እንባዋና ንፍጧ አንድ እስኪሆን ነው የምልሽ፣ ወላሂ። ከእንግዲህ አልፈራትም።"

የእርስዎን ደብዳቤ ለእናኑ አነበብኩላት። መጀመሪያ ሰደበችዎ። ከዚያ ጓዟን ማሰር ጀመረች። ይህን ደብዳቤ የሚሰጡዎ ሁለቱ ናቸው። ዙህራ በጾም ስለሆነች ቢያንስ የመጀመሪያውን ቀን ያሳርፏት፤ አሁን ቢያሳርፏትም አትጠረጥርም።

እኔ አልመጣም።

ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ልንገርዎ፤ ከዚያ በኋላ አይጻፉልኝ። ድንበር ትሻገሪ ነበር ብለው ነበር። አልሻገርም ነበር። ስሰደድ እናቴ ራሷ እስከ ወንዙ ሸኝታኝ፣ "ብሞትም እንዳትመጪ" ብላ በማርያም አስምላኛለች። ይህን ማንም ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ እርስዎ ስለ እናቴ አንድ ቀን አልጠየቁኝም።

ኅዳር ላይ፣ እንደ ዙህራ በማለዳ ቢያረዱኝ ኖሮ፣ ጉልበትዎ ላይ ተደፍቼ አለቅስ ነበር። ሰባት ቀን ተቀምጬ ወደ ኩፍኝ ድንኳኑ እመለስ ነበር። የትም አልሄድም ነበር፣ ሲስተር። ከእናቴ ቀጥሎ የነበሩኝ እርስዎ ነበሩ።

በላይነሽ